የቱሮዋ የግራ ክንፍ

በፓራኦዋ ወደብ ስለ ፔዳል ካያክ፣ ስለዚያ በእግር እየረገጡ ስለሚነዱት ትንሽ ጀልባ ክንፍ የማይከራከር ሰው ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም ወይ ተቀብሯል። ረጅሙ ይፈጥናል፣ አጭሩ ይሻላል፣ ደረቁ ጉልበት ይጨርሳል፣ ለስላሳው ውሃ አይይዝም፤ ክርክሩ ቢራ ቤት ይጀመርና ለቅሶ ቤት ድረስ ይዘልቃል። ነገሩን የሚቋጨው ግን አንድ ሰው ነው፤ ማኒሄራ። በወደቡ ዳር የቆርቆሮ ሱቅ አለችው። ጀልባ ያከራያል፣ ክንፍ ይሸጣል፣ የተሰበረ ይጠግናል። እሱ «አጭሩን ውሰድ» ካለ ሰው አጭሩን ይወስዳል። አሻፈረኝ ብሎ ረጅሙን የወሰደም በሳምንቱ እግሩን እያሸ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል።

ይህ ሁሉን ሰው የሚያስማማ ባለሙያ አንድ ደንበኛ አቃተው። ደንበኛው ደግሞ የገዛ ታላቅ ወንድሙ ቱሮዋ ነው።

ቱሮዋ ከገና በፊት ጀምሮ «የግራው ክንፍ ሰነፈብኝ» እያለ ይመላለስ ነበር። «ቀኙን ስረግጥ ጀልባዋ ውሃውን ነክሳ ትሄዳለች። ግራውን ስረግጥ ትለግማለች። ምን ሸጥክልኝ አንተ?» ይላል። ማኒሄራ ጀልባዋን ይገለብጣል፤ ከሆዷ ሥር የወጡትን ሁለት የላስቲክ ክንፎች ያገላብጣል፤ የግራውን ይዳብሳል። መጀመሪያ የክንፉን ብሎን በካቻቢቴ አጠበቀው። አልሆነም። ክንፉን በአዲስ ለወጠው። አልሆነም። ደግሞ ሌላ ለወጠለት፤ ቱሮዋ ለጥቂት ቀን ጠፋና እንደገና በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ታናሼ፣ ይሄን ሱቅ ዘግተህ ዳቦ ብትጋግር ይሻልሃል።»

«ዳቦው ቢያርር ማንን ልትሳደብ ነው?»

«ያው አንተን። እየው እስቲ፤ የግራው ነው።»

ማኒሄራ ዛሬም አገላበጠ፤ ዳበሰ። እውነቱን ለመናገር ክንፉ ላይ ምንም አላየም። ግን በነሱ ወገን ታናሽ ታላቁን በሰው ፊት አያርምም፤ ብቻቸውን ሲሆኑም እምብዛም አይደፍርም። ቱሮዋ ክንፍ ነው ካለ ክንፍ ነው። በዚያ ላይ ቱሮዋ ማለት ሕፃን ሆኖ ዋና ያስተማረው፣ መረብ ያስጣለው፣ አባታቸው ከሞተ በኋላ አባት የሆነው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ተሳስተሃል አይባልም።

«ክንፉ ነው ታላቄ» አለው። «ለስላሳ ሆኖብህ ነው። የመጨረሻውን ረጅምና ደረቅ ጥንድ እሰጥሃለሁ። እሱም ካልገፋህ ዓሣ ነባሪ እጠምድልሃለሁ።»

ቱሮዋ ዓይኑን ከክንፉ ላይ አንስቶ አየው። «ክንፉ ነው አልክ?»

«ክንፉ ነው።»

«አንተ ካልክ ነው» አለና እያፏጨ ሄደ።

ያ የሆነው ሰኞ ነው። ቅዳሜ የእናታቸው ሙት ዓመት ነበር፤ የመቃብሯ ድንጋይ የተሸፈነበት ጨርቅ የሚነሣበት፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ በጎሣው አዳራሽ የሚበላበት ቀን። ዓሣው የበኩር ልጅ ዕዳ ነው። እናታቸው ከወደቡ አፍ አጠገብ ካለችው ድንጋያማ ስፍራ በቀር የሌላ ቦታ ስናፐር ዓሣ አይጥማትም ነበር። አንድ ዘመድ ከከተማ ገበያ ገዝቶ እንደሚያመጣ ቢናገር ቱሮዋ፣ «ለእናቴ የበረዶ ዓሣ? መጀመሪያ እኔን ቅበሩኝ!» ብሎ ጮኾበታል።

ዓርብ ጠዋት ማኒሄራ ሱቁን ገና እንደከፈተ፣ ከኦክላንድ የመጣች መለሎ ወጣት ገባች። ጀልባ መከራየት ፈልጋለች።

«ረጅም ክንፍ ያለውን ስጠኝ» አለችው። «እሱ ነው አሉ ፈጣኑ።»

«ማነው ያለሽ? ባልሽ?»

«ኢንተርኔት።»

«እሱ ደግሞ ከባል ይብሳል» አለና ሳቀ። «እህቴ፣ ረጅም ክንፍ የሰው አገር ድግስ ነው፤ ስትሄጂ ደስ ይልሻል፤ መመለሻው ይጨንቅሻል። ነይ ላሳይሽ።»

ፔዳሎቹንና ክንፎቹን የያዘውን ብረት ከአንዷ ጀልባ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። ለጀማሪ ሁሉ የሚሰጠው ትምህርት ነው። ስለለመደው አፉ ሲናገር ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሊውል ይችላል።

«እጅሽን አምጪ። የግራውን ፔዳል ብቻ ግፊው።»

ገፋችው። ሁለቱም ክንፎች በአንድ ጊዜ ተንቀሳቅሰው እንደ መቀስ ተላለፉ።

«አየሽ? ሰው ሁሉ የግራ እግር የግራውን ክንፍ፣ የቀኝ እግር የቀኙን የሚገፋ ይመስለዋል። አይደለም። የትኛውንም ፔዳል ብትረግጪ ሁለቱም አብረው ነው የሚጠርጉት። ረጅም ክንፍ የሚከብደውም ለዚህ ነው፤ በአንድ እግርሽ ሁለት ክንፍ ነው የምትገፊው።»

ልጅቷ ፔዳሉን ደጋግማ ገፋችው። ነገሩ ደስ አላት። «እንግዲያው አንዱ ክንፍ ቢበላሽ ሁለቱም እግሬ እኩል ያውቀዋላ?»

«እኩል ነዋ! አንድ እግሬ ላይ ብቻ ሰነፈብኝ ካልሽኝማ እሱ ክንፍ አይደለም፤ የራስሽ...»



ክው አለ። ልጅቷ ምን እንደነካው አላወቀችም፤ ቀልዱን እስኪጨርስ እየሳቀች ጠበቀችው። እሱ ግን አላያትም። እጇን ከፔዳሉ ላይ አነሣና ራሱ ገፋው። ግራውን፤ ሁለቱም ክንፎች ሄዱ። ቀኙን፤ ሁለቱም ሄዱ። እንደገና ግራውን። ይህን ብረት ዕድሜ ልኩን ፈቶ ሲገጥም የኖረ ሰው፣ ዛሬ ገና ከባሕር የወጣ እንግዳ ፍጥረት ያየ ያህል ፈዞ ቀረ።

እንዴት ያለ ዕውርነት ነው! ለባዳ ሁሉ በየቀኑ የሚሰብከውን ለወንድሙ ሲሆን ረሳው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል፤ ማኒሄራ ደግሞ ጠበሉም ልጡም በእጁ ነበር። ቱሮዋ «ቀኙን ስረግጥ ትሄዳለች፣ ግራውን ስረግጥ ትለግማለች» ብሎት ነበር። አንድም ቀን አልሰወረም። በየጊዜው በግልጽ ነግሮታል። እሱ ግን ክንፍ ሲያጠብቅ፣ ክንፍ ሲለውጥ ከረመ። መጨረሻ ላይ ምን አደረገ? እግሩ ለከዳው ሰው በሱቁ ካለው ሁሉ ከባዱን ክንፍ መርጦ ገጠመለት።

ስልኩን አንሥቶ ቱሮዋ ቤት ደወለ። የቱሮዋ ሚስት ኪሪዋይ አነሣችው።

«ኪሪዋይ፣ ቱሮዋ የት ነው?»

«ወጣ እንጂ፤ ጎሕ ሲቀድ። ለነገው ዓሣ።»

«ብቻውን?»

«እሱ መቼ ሰው ያስከትላል? ምነው ድምፅህ?»

«እግሩን ያመዋል?»

«ኧረ ደኅና ነው። የግራ ነጠላ ጫማው ብቻ ከእግሩ እየሾለከ መንገድ ላይ ይቀርበታል። ይሰፋዋል ብዬ ጠበብ ያለ ገዛሁለት። ያም ሾለከ። ትናንት ደግሞ ማሰሪያ ያለው...» ንግግሯን ገታች። «ማኒሄራ፣ ጫማው አይደለም እንዴ?»

ምን ይበላት? እሷ ጫማ፣ እሱ ክንፍ ሲለውጡ፣ ሰውየው በመካከላቸው እግሩ እየሞተ ቆይቷል።

ወደ ደጅ ወጥቶ ባሕሩን አየ። ውሃው መሸሽ ጀምሯል። የወደቡ ውሃ ሲሸሽ ሁሉም በዚያች ጠባብ አፍ ነው የሚወጣው፤ ከአፉ ማዶ ደግሞ ማዕበሉ ነጭ ሆኖ ይሰበራል። ጤነኛ እግር ያለው ሰው በዚያ ሰዓት ይታገለዋል። እግር የሌለው መቅዘፊያ ያስፈልገዋል። የቱሮዋ መቅዘፊያ ግን ሱቁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ይጠጣል። የፓራኦዋ ሰው ሞኝነት ይህች ናት፤ ፔዳል ከገዛ በኋላ መቅዘፊያ ይዞ መታየትን እንደ ውርደት ይቆጥራል።

የሞተር ጀልባ ያላቸው ሁሉ አዳራሹ ጋ ሆነው ለድግሱ የሥጋ ማብሰያ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። እነሱን ጠርቶ፣ ጀልባ አስጎትቶ፣ ውሃ እስኪያስገባ ድረስ ነገሩ ያልቃል።

«ለባሕር ነፍስ አዳኞች ደውይልኝ!» አላት ልጅቷን። «ቁጥሩ በሩ ጀርባ አለ። ቱሮዋ ከወደቡ አፍ አጠገብ ነው በያቸው!»

«ምን ሆኖ ነው?»

«ክንፉ አይደለም!» ብሎ ጮኸባት፤ እሷ ምኑን ታውቃለች!

በአሸዋው ላይ ከተደረደሩት ጀልባዎች ልጅቷ ቅድም ዓይኗን የጣለችባትን ቀጭኗን ጠቆመችው። «ይቺ አትሻልም? ረጅም ክንፍ ያላት ፈጣኗ ናት።»

«እሷ ዙሪያውን መሄድ አለባት።» በወደቡና በአፉ መካከል ትልቅ የአሸዋ ጉብታ አለ። ውሃ ሲሸሽ በላዩ የሚቀረው ቁርጭምጭሚት ሸፍኖ ትንሽ የሚያልፍ ነው። ረጅም ክንፍ እዚያ ላይ ይሰበራል። አጭር ክንፍ ግን ፔዳሉን በትንሽ በትንሹ ከነኩት፣ ከጀልባዋ ሆድ ብዙ ሳይርቅ እየተርገበገበ ያሻግራል። ማኒሄራ ልጆች የሚማሩባትን፣ ቀለሟ የለቀቀውን ወፍራም ጀልባ ገፍቶ ገባ። ከሱቁ አጭሩ ክንፍ የሷ ነው።

ረገጠ። ቀኝ፤ ጀልባዋ ውሃውን ነክሳ ሄደች። ግራ፤ ነክሳ ሄደች። እኩል ነው። እያንዳንዱ እርምጃ እኩል መሆኑ አንጀቱን ይበላው ጀመር። ቱሮዋ በየእርምጃው ይህን ልዩነት እያወቀው ነው የከረመው።

ጉብታው ላይ ሲደርስ አሸዋው ከሥሩ ታየ። ፔዳሉን በጣቱ ጫፍ ያህል እየነካ፣ ክንፎቹ አሸዋውን ሲላጩ እየሰማ፣ ጥርሱን ነክሶ ተሻገረ። ቀና ሲል ብርቱካናማውን ባርኔጣ አየ።

ቱሮዋ ፊቱን ወደ ወደቡ አዙሯል። ጀልባዋ አንዴ ወደ ፊት ዘለል ትልና ትቆማለች፤ ዘለል ትልና ትቆማለች። በቆመች ቁጥር ውሃው የዘለለችውን ያህልና ትንሽ ጨምሮ ወደ ኋላ ይስባታል። ማኒሄራ ቀረብ ሲል ወንድሙ ደጋግሞ ወደ ግራ ጎንበስ የሚልበትን ምክንያት አየ። የግራ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ ይገፋል። ቀኙን በእግሩ ይረግጣል፤ ግራውን በእጁ ይገፋል። ያ ከአዳራሹ ምሰሶ ጋር ሲነጻጸር የኖረ ወንድሙ የገዛ እግሩን እንደ ጆንያ እየገፋ ነበር።

«ኧረ ታናሼ!» አለ ቱሮዋ ሲያየው። ትንፋሹ ተቆራርጧል። «ሱቁን... ለማን ትተህ ነው?»

«ገመዱን ያዝ!»

«ሣጥኑ ሞልቷል እኮ። የመጀመሪያዋን ዓሣ እንደ ወጉ ለባሕሩ መልሻለሁ። እንዲያውም ትልቋ እሷ ነበረች፤ እናታችን ብታይ...»

«ታላቄ፣ ገመዱን ያዝ አልኩህ!»

ቱሮዋ ደነገጠ። ማኒሄራ ራሱም ደነገጠ፤ በዕድሜው በወንድሙ ላይ ጮኾ አያውቅም። ገመዱ ተወረወረ፤ ቱሮዋ ቀለበው፤ ጀልባው አፍንጫ ላይ ቋጠረው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ትግል ነው። ሁለት ሰው፣ ሁለት ጀልባ፣ አንድ ሣጥን ዓሣ፣ ለልጆች በተሠሩ ክንፎች። ማኒሄራ ጭኑ እሳት እስኪሆን ረገጠ። ጉብታው ቅርብ ነው፤ ግን አይመጣም። ከኋላው የማዕበሉ ጩኸት ይሰማል። አንድ ጊዜ ዞር ሲል ቱሮዋ አሁንም ጉልበቱን በእጁ እየገፋ ሊያግዘው ይሞክራል። «ተው! አርፈህ ተቀመጥ!» አለው። ክንፉ አሸዋ ሲነካ ዘሎ ወረደ፤ ውሃው እስከ ጉልበቱ ነበር። ገመዱን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ተንበርክኮ፣ ተነሥቶ፣ ሁለቱንም ጀልባዎች እስከ ቁርጭምጭሚት ውሃ ድረስ ጎተታቸው።

በሩቁ የአዳኞቹ ጀልባ ቀይ ነጥብ ሆና ትመጣለች። ልጅቷ ደውላለች ማለት ነው። ማኒሄራ ወንድሙን ሊያወርደው ወደ ጀልባው ጎንበስ ሲል ግን እጁን አፉ ላይ ጫነ።

የቱሮዋ የግራ እግር ፔዳሉ ላይ ታስሯል። የጭነት መኪና ዕቃ በሚታሰርበት ጠፍር፣ ዙሪያውን ተጠምጥሞ፣ ሁለት ጊዜ ተቋጥሯል። ጠፍሩ አዲስ አይደለም። ጠርዙ ተበልቶ ፀጉር አውጥቷል። ጀልባዋ ብትገለበጥ ኖሮ ሰውየው ከሆዷ ሥር ተንጠልጥሎ በቀረ ነበር።

«ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

«ማን ያደርገኛል? ራሴ ነኝ። ከፔዳሉ ላይ እየወደቀ አስቸገረኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ቱሮዋ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት። «ሁለተኛውን ክንፍ ከለወጥክልኝ በኋላ።»

ማኒሄራ የሰማውን ማመን አቃተው። ከሁለተኛው በኋላ! እንግዲያው ሰኞ ዕለት ያን የግራ ክንፍ እየው እያለ ሲሰድበው፣ ይህ ጠፍር ቤቱ ነበር። ረጅሙን ክንፍ ተሸክሞ እያፏጨ ሲሄድ ያውቅ ነበር።

«ታላቄ... አንዱ ፔዳል ሁለቱንም ክንፍ እንደሚያንቀሳቅስ ጠፍቶህ ነው?»

«ለአንተ ማን አስተማረህና?» አለ ቱሮዋ።

እውነት ነው። የመጀመሪያዋ የፔዳል ጀልባ ወደቡ የገባች ጊዜ፣ ብረቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ የግራውን ፔዳል ያስገፋው እሱ ነበር። ማኒሄራ ውሃው ውስጥ ቁጭ አለ።

«ታዲያ ለምን?»

«ሱቅህ እመጣለሁ» አለ ቱሮዋ፤ ወደ እሱ ሳይሆን ወደሚመጣው ቀይ ጀልባ እያየ። «ትገለብጣታለህ፣ ታያለህ፣ ትዳብሳለህ። ከዚያ ክንፉ ነው ትለኛለህ። ስለ ክንፍ ደግሞ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም፤ አገር የሚመሰክረው ነው። እኔም የማውቀውን እተውና አንተን አምናለሁ። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ ይወስደኛል።» ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ። «በማግስቱ ነው ክፉው።»

ማኒሄራ ዕንባው መጣ። በወንድሙ መናደድ ፈለገ፤ በራሱ ላይ የተናደደው በለጠበት። መድኃኒት የሸጠ መስሎት ሲያስተኛው ከርሟል።

«ነገ ድግስ አለብን» አለ ቱሮዋ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ተለማመጠ፤ ታላቅ ታናሹን ለመነ። «ኪሪዋይም ትጨነቃለች። እስቲ አንዴ ድገምልኝና እንሂድ። ክንፉ ነው በለኝ።»

መቼም ሰው ነውና ሊለው ፈለገ። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ታላቅ ጠይቆት ታናሽ እምቢ ብሎ አያውቅም፤ በዚህ ወደብ እንዲህ አልታየም።

«እግርህ ነው» አለው።

ቱሮዋ አልተቆጣም። ራሱን ነቀነቀና ፊቱን ወደ ባሕሩ መለሰ። «እሺ» አለ። «እንግዲያው ፍታኝ፤ ሰዎቹ እንዲህ ሆኜ እንዳያዩኝ።»

ማኒሄራ ተንበርክኮ ቋጠሮውን ያዘ። የጨው ውሃ አጥብቆታል፤ በጣቱ አልፈታ አለ። የዓሣ ቢላዋውን አንሥቶ በጠፍሩና በቆዳው መካከል አስገባ፤ ቆረጠው። እግሩ ከፔዳሉ ተለቀቀና ቁርጭምጭሚቱ የጀልባዋን ጠርዝ በኃይል መትቶ ውሃው ውስጥ ወደቀ። ቆዳው ተላጠ፤ ደም ወጣ። ማኒሄራ ወንድሙ «ወይኔ!» እንዲል ጠበቀ።

ቱሮዋ ቀዩን ጀልባ እያየ ነበር።

«ቶሎ በል እንጂ ታናሼ፣ ደረሱ እኮ» አለ። «እስካሁን አልፈታኸኝም?»